ማሽኗን ጋቢ ያለበስኳት ቀን

ጋቢውን ያለበስኳት እኔ ነኝ። አክስቴ አዘውኝ ነው ብዬ ላመልጥ እችላለሁ፤ ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው። እጁ ግን የእኔ ነበር። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገለው ብዬ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዓለም ባንክ አካባቢ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ውስጥ ገብቻለሁ። እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ። መጻፍ ሥራዬ አይደለም። እዚህ እዚያ ብዘል ታገሡኝ። ቤታችን ኮልፌ ነው። እናታችን ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እህቴ ጽጌ ናት። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች።

ጽጌ የምትሠራው ፍራሽ ቤት ነበር። አሮጌ ጨርቅና የልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ በማሽን ይፈታና እንደ ጥጥ ይሆናል፤ ከዚያ ፍራሽ ውስጥ ይሞላል። ማሽኑ ሲዞር ክፍሉ ጉም የገባበት ይመስላል። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሽ ያስራሉ እንጂ ሌላ መከላከያ የላቸውም። ማታ ቤት ስትገባ ሽፋሽፍቷ ነጭ ነበር። ልጅ ሆኜ «ጽግዬ፣ በረዶ ዘነበብሽ» እያልኩ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው... ተዉት።

መጀመሪያ ሳል መጣ። ከዚያ ዳገት እምቢ አላት። ከዚያ ፀጉሯን ለማበጠር እጇን ስታነሳ እንኳን ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሙ ሳንባዋ ጠባሳ እንደያዘ ነገረን። ጠባሳው አይመለስም፣ ኦክስጅን ግን ያስፈልጋታል አለ። ትልቁ ብረት ሲሊንደር ቤታችን ገባ። ቱቦው ከአልጋው እስከ በሩ ይደርሳል። ከበሩ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ሆነ። ጽጌ ለአምስት ወር የኮልፌን ገበያ በድምፁ ብቻ ነው የምታውቀው።

በትከሻ የሚንጠለጠል ማሽን እንዳለ የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ እንደ ሲሊንደሩ አትሞላም። በዙሪያዋ ያለውን አየር ትስባለች፣ ኦክስጅኑን ለይታ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ትልካለች። በባትሪ ትሠራለች። በምን እንደገዛናት አልነግራችሁም። ሰርቀን አይደለም፤ ይበቃል።

ሐኪሙ ከመግዛታችን በፊት አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮን ነበር። «ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሊትር አይደለም። የአንዱ ሦስት ከሌላው ሦስት ጋር አይገናኝም። ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ አራምዳት። ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያውን አድርገህ አራምዳት። ከዘጠና በታች ከወረደ ያ ማሽን የእሷ አይደለም።»

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ትንሿን አወጣልን። የሴት ቦርሳ ታክላለች፣ ታምራለች። «እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትሞክራት» አለ።

«ቁጭ ብዬማ ቤቴ አለሁ» አለች ጽጌ። «ደረጃው የት ነው?»

ሻጩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደረጃውን ወጣን። ሁለተኛ ፎቅ ሳንደርስ መለኪያው ሰማንያ አንድ አለ። ግድግዳ ተደግፋ ብዙ አረፈች። ከዚያ ትልቋን ሞከርን፤ ወፍራም ናት፣ ትከሻ ትቆርጣለች። ዘጠና። ዘጠና አንድ። ዘጠና።

«ይቺ ግን ከበደች እኮ» አልኳት።

«አንተ ትሸከማታለሃ። ታዲያ ወንድም ለምንድን ነው?»

ትልቋን ያዝን። ማታ ስትተኛ ሲሊንደሩን፣ ቀን ማሽኗን እንድትጠቀም ሐኪሙ አዘዘ። ማሽኗ ዝም ብላ አትነፋም። ጽጌ በአፍንጫዋ አየር መሳብ ስትጀምር ይታወቃታል፤ ያኔ «ፕስ» ትላለች። በየትንፋሹ አንድ ፕስ። የመመሪያውን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። አንድ ገጽ ላይ ማሽኗ ብርድ ልብስ ለብሳ ተስላለች፤ በላይዋ ትልቅ የኤክስ ምልክት አለ። «ፈረንጅ! ማን ማሽን ብርድ ልብስ ያለብሳል?» ብዬ ለጽጌ አሳየኋትና ሁለታችንም ሳቅን።

በዘጠነኛው ቀን አስቴር ሞተች።

አስቴር የጽጌ ጓደኛ ናት። ፍራሽ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አጠገብ ለአጠገብ ሠርተዋል። ያው ሳል፣ ያው የትንፋሽ ማጠር። ለእሷም ኦክስጅን ታዞላት ነበር፤ ቤተሰቦቿ እምቢ አሉ። «ኦክስጅን ከተደረገላትማ አለቀላት ማለት ነው» ተባለ። እናንተም ይህን ብላችሁ ታውቃላችሁ። እኔም ብያለሁ። ለጎረቤት የተነገረው «ብርድ መቷት ነው» የሚል ነበር፤ ስትሞትም ብርድ ነው ተባለ።

ቀብሯ ላይ ጽጌ አልደረሰችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የእናታችን ታላቅ እህት እትዬ ወርቄ በሩ ላይ ቆመዋል።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሏት።

«ልቅሶ።»

«ከነቱቦሽ?»

«ታዲያ ትቼው ልሂድ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል? ቀጣይዋ መጣች ነው የሚሉሽ። ገና ስትገቢ ላንቺ ነው የሚያለቅሱት!»

«ያልቅሱ። የልቅሶ ድንኳን አይደል?»

እትዬ ወርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጽጌን እንደማያሸንፏት ሲያውቁ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንኳን ሰው ሁን። ጋቢ ደርብና እሱን ነገር ከውስጥ አድርገው። ቱቦውን እሷ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ማንም አያይም።»

ጽጌ አየችኝ። አንድ ቃል እንድናገር ጠብቃለች፤ አሁን ገባኝ። እኔ የሰፈሩን ወጣቶች አሰብኩ። «የሀብታሙ እህት በማሽን ነው የምትኖረው» ሲሉ ታየኝ። ጋቢውን አነሳሁ። ማሽኗን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ጋቢውን በላይዋ ሁለት ዙር ጠቀለልኩት። ጽጌ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

ወደ ቀራንዮ ታክሲ ያዝን። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር አሉ፣ ጋቢዬን አዩ፣ እንደገና ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ድመት ነው የያዝከው?»

«አይደለም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምንድን ነው ውስጥ የሚተነፍሰው?»

ጽጌ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ሴትዮዋ እስኪወርዱ ድረስ ዞር አላሉም። ጽጌ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያመማት መስሎኝ አየኋት፤ እየሳቀች ነው። በዚያ ቀን የሳቀችው እዚያ ጋ ብቻ ነው።

ድንኳኑ የተተከለው አስቴር ቤት በር ላይ ነው። ፀሐዩ ከሸራው በላይ ይጠብሳል፣ ውስጡ ይሞቃል። የልቅሶ አገባብ ታውቃላችሁ። ዝም ተብሎ አይገባም። ጽጌ የድንኳኑን በር ስታልፍ «አስቱዬ!» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ ተቀብለው ጮኹ። የቅርብ ጓደኛ ናት ተብላ ከፊት፣ ከአስቴር ፎቶ አጠገብ አስቀመጧት። ፎቶው ፊት ሻማ ይበራል። እኔ ከኋላዋ ተቀመጥኩ፤ ማሽኗ ጭኔ ላይ፣ ጋቢው በላይዋ።

ልቅሶ በአፍ ነው። አፍንጫ ይዘጋል፣ እንባና ንፍጥ ይሞላዋል። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ፕስ የሚለው ድምፅ ራቀ። አንድ ፕስ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ማሽኗ «ቲት ቲት ቲት» ማለት ጀመረች። ትንፋሽ አጣሁ ማለቷ ነው።

«በአፍንጫሽ፣ ጽግዬ» ብዬ በጆሮዋ አንሾካሾክሁ።

ሰው መዞር ጀመረ። «የማን ስልክ ነው?» አለ አንዱ። እትዬ ወርቄ ከጎኔ ሆነው ጋቢውን ሳቡና በማሽኗ ላይ አንድ ዙር ጨመሩ። «አፍነው! አፍነው!» አሉኝ። እኔም አፈንኩት። በሁለት እጄ አቅፌ ደረቴ ላይ ጫንኩት። ጭኔ ሲሞቅ ተሰማኝ። በጣም ሞቀ። የሰው ሙቀት ነው ብዬ አሰብኩ፣ የድንኳኑ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንድ ረጅም ጩኸት ጮኸችና ዝም አለች።

ጽጌ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ። ከንፈሯ እንደ ወይን ጠጅ ነበር።

ጣቷን ያዝኩና መለኪያውን አደረግሁ። ሰባ ዘጠኝ። ሰባ ስድስት።

ድንኳኑ ተናወጠ። «ኦክስጅኑ አለቀ!» «ውኃ! ውኃ አምጡ!» «መኪና ጥሩ!» የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ተካ ሰው እየገፉ መጡ። ሽበታም፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያያቸው ይነሣል። ጎንበስ ብለው አፍንጫዋ ላይ ያለውን ቱቦ ያዙ።

«ንቀሉላት! የሚያንቃት ይሄ ነገር ነው!»

«እጅዎን ያንሱ!»

የጮኽኩት እኔ ነኝ። ድምፁን አላወቅሁትም። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ የጽጌ አስተዳደግ ነው። ጋሽ ተካ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ምን አልክ?» አሉ።

«እጅዎን ያንሱ አልኩ። አላለቀም። አያልቅም። አፍኜው ነው።»

ምክንያቱም ያኔ ነው የታየኝ። ያ የሳቅንበት ሥዕል። ብርድ ልብስ የለበሰች ማሽን፣ በላይዋ የኤክስ ምልክት። ማሽኗ የምትስበው አየር ከአጠገቧ ነው። እኔ ደግሞ አፏንም አፍንጫዋንም በጋቢ ጠቅልዬ እህቴን እንድታስተነፍስልኝ ጠበቅሁ። ሥዕሉ ለፈረንጅ አልነበረም። ለእኔ ነበር የተሳለው።

ጋቢውን ቀድጄ ነው ያወጣሁት ማለት ይቻላል። ባዶ ወንበር ሳብኩ፣ ማሽኗን በላዩ አቆምኳትና በእጄ አራገብኳት። ሙቀት በዝቶባት ነው የጠፋችው፤ እንደገና ለመነሣት መብረድ አለባት። የጽጌን ነጠላ ከፊቷ ገለጥኩ። «አትጩኺ። ከንፈርሽን እንደ ፉጨት አድርጊ፣ በቀስታ አውጪ» አልኳት፤ ሐኪሙ ያስተማራት ነው። ከዚያ ሻማውን አየሁ። ከቱቦው አንድ ክንድ አይርቅም። ኦክስጅን ባለበት እሳት አይቀመጥም። እፍ ብዬ አጠፋሁት።

የሟች ሻማ። በሠልስቷ። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲውጥ ተሰማኝ። «ኧረ ምን ዓይነት ልጅ ነው!» አለች አንዷ።

ከፎቶው ማዶ ከተቀመጡት አሮጊት፣ ከአስቴር እናት፣ ደካማ ድምፅ ወጣ። «ተዉት። ያጥፋው። የልጄ ሻማ ጓደኛዋን አያቃጥላትም።» ከዚያ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወደ ማሽኗ ማራገብ ጀመሩ። ምን እንደሚያራግቡ አያውቁም፤ ሳራግብ አይተው ነው። ሌሎቹም ተከተሉ። አሥር አሥራ አምስት ነጠላ በአንዲት ማሽን ዙሪያ።

ሰባ አራት። ሰባ አምስት። ቁልፉን ተጫንኩ። እምቢ። አራገብን። ሰባ አራት። እንደገና ተጫንኩ።

ተነሣች። የውስጥ ማራገቢያዋ ጉርር አለ። ጽጌ አፍንጫዋን በእጄ አበሰች... አይ፣ እኔ ነኝ ያበስኩላት፣ በእጄ። አፏን ዘጋች። አየር ሳበች።

ፕስ።

ሰማንያ። ሰማንያ አራት። ዘጠና እስኪደርስ ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ተካም ቆመው ነበር፤ ቁጥሩን እኔ ስጠራ እሳቸው ይደግሙታል።

ጽጌ መናገር ሲቻላት ነጠላዋን መልሳ አልለበሰችም። እትዬ ወርቄ ሊሸፍኗት እጃቸውን ሲዘረጉ በቀስታ ያዘቻቸው። የተናገረችው ሁሉ በየመሐሉ ፕስ አለበት።

«አስቴርን ብርድ አልገደላትም» አለች። «የጨርቅ አቧራ ነው። እኔንም... ይኸው። ይሄ ማሽን ለእሷም ይሆናት ነበር። አፈርን። ሁላችንም አፈርን። እኔ ራሴ ዛሬ ጋቢ ውስጥ ተደብቄ መጣሁ፣ አስቱ ልቅሶ ላይ! ከእንግዲህ ግን አልደበቅም። ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ ይምጣና ይይ።»

 ከዚያ ዘነበች የምትባል፣ እሷም የፍራሽ ቤት ሠራተኛ የሆነች ሴት፣ እያሳለች ተነሣች። ወንበሩ ፊት ተንበረከከችና ማሽኗን አየቻት። «ነዳጅ የት ነው የሚገባላት?» አለች። የአስቴር እናት ሳቁ። በልጃቸው ሠልስት፣ እንባቸው ሳይደርቅ። ድንኳኑ ተከትሎ ሳቀ።

እትዬ ወርቄ ጋቢውን ከመሬት አነሡ፣ አራገፉ፣ አራት አጠፉት፤ ከዚያ ወንበራቸው ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት። ይቅርታ አልጠየቁም። እኔ ግን ገብቶኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ጽጌ ስምንት ወር ኖረች። አልጋ ላይ አይደለም። ገበያ ወጥታ በሽንኩርት ዋጋ ተከራክራለች። መድኃኔዓለም ሄዳለች፤ ጧፍ ስላለ ውስጥ አንገባም፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመን እናስቀድሳለን። ትርፍ ባትሪውን ኪሴ ይዤ፣ ማሽኗን በትከሻዬ ከጋቢ በላይ አንጠልጥዬ። ሰው አፍጥጦ ሲያየን ጽጌ «ደህና ዋላችሁ» ትላለች፤ እኔ ደግሞ እስኪያፍሩ መልሼ አፈጥጥባቸዋለሁ። በራችንን የሚያንኳኳ ሰውም በዛ። አንዱ ለአባቱ፣ አንዷ ለባሏ ትጠይቃለች። ጽጌ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት። «ሐኪም ይዘዝላችሁ። ከዚያ ደረጃ ሳትወጡባት እንዳትገዙ።»

የሞተችው ከሰዓት በኋላ ነው፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ መንገዱን እያየች። እኔ ውስጥ የማሽኗን ትርፍ ማጣሪያ እያጠብኩ ነበር። «ቲት ቲት ቲት» ስትል ሰማሁ። ያን ጩኸት አውቀዋለሁ። ቀና እንኳን ሳልል፣ «በአፍንጫሽ፣ ጽግዬ» አልኳት።

ሁለት ጊዜ ነው ያልኳት።

ልቅሶዋ ላይ ምን እንደተባለ ታውቃላችሁ። «ማሽኑን ለምዳ ሳንባዋ ሰነፈ።» «ባታስገባው ትቆይ ነበር።» በማንኪያ እንደሚያጎርሱኝ እያንዳንዱ እየመጣ በጆሮዬ ነገረኝ። ስለዚህ ተነሣሁና ማሽኗን ከቤት አወጣኋት። ድንኳኑ ውስጥ ከጽጌ ፎቶ ጎን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ራቁቷን። «ይቺ አይደለችም የገደለቻት» አልኩ። «ስምንት ወር የሰጠችኝ ይቺ ናት። የገደላትን የሚፈልግ ፍራሽ ቤቱን ያውቀዋል።» ጋሽ ተካ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ቱቦውን ለመንቀል የሞከሩት ጋሽ ተካ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እውነቱን ነው» አሉ። 

ይህን የጻፍኩት ልታዝኑልኝ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ግማሽ በር ዘግታችሁ የምታስታምሙት ሰው ካለ ለእናንተ ነው። የምትሸፍኑት ለእሱ ብላችሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ ለጽጌ ብዬ አልነበረም። ለራሴ ነበር። ሰባ አራት የሚለውን ቁጥር እስክሞት አልረሳውም፣ መርሳትም አልፈልግም።

ማሽኗ አሁን ዘነበች ጋ ናት። ሐኪሙ አዘዘላት፤ ደረጃ አስወጣኋት፣ ዘጠና ሁለት አለ። አዲስ ቱቦ ገዛሁላት፣ ማጣሪያውን ለወጥኩ። ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ሄድኩ። ገና በሩ ላይ «ና፣ ያሳመርኩልህን እይ!» አለችኝ። ማሽኗ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ቱቦው እስከ ዘነበች አፍንጫ ተዘርግቷል። በላይዋ እስከ መሬት የሚደርስ ነጭ ዳንቴል። ዘነበች ራሷ ነች የሠራችው፣ በኪሮሽ፣ ጠርዙ ላይ አበባ አለው። ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል።

«አያምርም?» አለች።

«በጣም ያምራል» አልኳት። ዳንቴሉን በሁለት እጄ አነሣሁት፤ ከሥሩ ሞቅ ብሎ ነበር። አጥፌ ቴሌቪዥኑ ላይ አደረግሁት።

«ውይ! እሷ ራቁቷን ልትቀር ነው?»

«ራቁቷን» አልኩ። «እንግዳ ይምጣ፣ ማንም ይምጣ።»

ዘነበች ሳቀች፣ ሳሏ መጣ፣ አሳለፈችው። አፏን ዘጋች። በአፍንጫዋ ሳበች።

ፕስ።